የ1965 ቮልስ፦ ላዩ የድሮ፣ ውስጡ የዛሬ። ከየቱ ልጀምር?

ማርቆስ_1200

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች፣ እንዴት ሰነበታችሁ።

መኪናው የ1965 (እ.ኤ.አ.) ቮልስ 1200 ነው። 34 ፈረስ ጉልበት፣ 6 ቮልት፣ አራቱም እግሩ ታምቡሮ (የከበሮ ፍሬን)፣ ቸርኬው ባለ 5 ብሎን፣ ካምቢዮው የራሱ። ውሎና አዳሩ ደብረ ማርቆስ ነው። የተፈለገው ከውጭ ሲያዩት ኒኬል ፓራውልቱ፣ ቀጭን ጎማውና ባለ ሁለት ጭራ ማርሚታው እንዳለ ሆኖ፣ ውስጡ ግን የዛሬ ዕቃ እንዲሆን ነው። አሜሪካኖቹ በድሮ ፎርድ ላይ የሚሠሩት ሆት ሮድ በቮልስ ቢሆን ማለት ነው።

ዕቅዱ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ከሶማሌ ተራ (ከአዲስ አበባው የመለዋወጫ ገበያ) የሚመጣ 1600 ሞተር፣ ባለ ሁለት ፖርት ቴስታታ (የሲሊንደር ራስ)፣ ከነ34 ካርቡራተሩ። ቀጥሎ 009 የሚባለው ዲስትሪቢዩተር (ለካንዴላዎቹ እሳት የሚያከፋፍለው) ከኤሌክትሮኒክ ሞጁል ጋር። ከዚያ ወደ 12 ቮልት መቀየር። የፊቱን አክስል በትንሹ ዝቅ ማድረግ። ገንዘብ ከተረፈ ደግሞ የፊት ዲስክ ፍሬን።

ጥያቄዎቼ፦ 1600ው በ6 ቮልቱ ዘመን ካምቢዮ ላይ ያለ ችግር ይገባል? ለማርቆስ ከፍታ ጂግለሩ (የካርቡራተሩ የቤንዚን ቀዳዳ) ስንት ይሁን? «ቮልሱን ተወው፣ በውሃ የሚቀዘቅዝ ሞተር ግጠምበት» የሚሉም አሉ፣ ያዋጣል? ባህር ዳርም ይሄዳል፣ በዓባይ በረሃ አድርጎ አዲስ አበባም ይወርዳል።


ቁልቁለት_ደጀን

ዕቅድህን ገልብጠው። «ገንዘብ ከተረፈ» ያልከው ነው አንደኛ መምጣት ያለበት።

ከደጀን እስከ ዓባይ ድልድይ ከ1,000 ሜትር በላይ ትወርዳለህ። አራት ሰውና ሻንጣ የጫነ ቮልስ ከ1,000 ኪሎ ያልፋል። ያን ክብደት ወይ ሞተሩ ይይዘዋል ወይ ታምቡሮው ውስጥ ሙቀት ይሆናል። ታምቡሮ ሲግል ይሰፋል፣ ከሸራው ይርቃል፣ ፔዳሉ ወደ ታች ይወርዳል፤ ሸራውም ሲግል የመያዝ አቅሙ ይቀንሳል። ከዚህ ሁሉ በላይ የ1965ቱ የፍሬን መስመር አንድ ብቻ ነው። አንዱ እግር ላይ ያለች ጎማ ቱቦ ብትፈነዳ አራቱም እግር ፍሬን የለውም። በዚህ ላይ 1600 ሞተር መጨመር ያለውን አደጋ ማፍጠን ነው።

ሆት ሮድ ካነሳህ አይቀር፣ የ1932ቱ ፎርድ ፍሬኑ በብረት ዘንግ የሚሳብ ነበር። ፎርድ ሃይድሮሊክ ፍሬን የጀመረው በ1939 ሞዴል ነው። ሠሪዎቹም የ1939ንና ከዚያ ወዲህ ያለውን ፍሬን እየነቀሉ በአሮጌው ላይ ይገጥሙ ነበር። ስለዚህ የድሮ አካል ላይ አዲስ ፍሬን ማድረግ የድሮውን ወግ ማፍረስ አይደለም፣ ራሱ ወጉ ነው።

የምትገዛውን ተጠንቅቀህ ምረጥ። ያንተ የፊት አክስል ባለ ኪንግ ፒን (ጎማው በቋሚ ዘንግ ላይ የሚዞርበት) ነው፤ ከ1966 ሞዴል ጀምሮ ቦል ጆይንት ሆኗል። የአንዱ ዲስክ ሌላው ላይ አይገባም። ገንዘብ ከመክፈልህ በፊት ጎማውን አውልቀህ እይ፣ በሊብሬው ዓመት ብቻ አትተማመን፤ በዚህ ዕድሜ የፊት አክስሉ የተቀየረ ቮልስ ሞልቷል። የምትፈልገው ለኪንግ ፒን የተሠራ፣ ባለ 5 ብሎን (5 በ205) ዲስክ ነው። ያኔ የድሮው ቸርኬና ኒኬል ኩባያው እንዳለ ይመለሳል፣ ከውጭም ምንም አይታይም።

ከዲስኩ ጋር የፍሬን ማስተሩን (ፔዳሉ የሚገፋውን ዋና ፓምፕ) ባለ ሁለት መስመር አድርገው፤ 19.05 ሚሊሜትሩ ይበቃል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው የታምቡሮ ማስተር መውጫው ላይ ቀሪ ግፊት የሚይዝ ቫልቭ ሊኖረው ስለሚችል ነው። እሱ በዲስኩ መስመር ላይ ከቀረ ፓዱ ሁልጊዜ ዲስኩን እንደያዘ ይቆያል፣ ጎማው ይግላል፣ ቤንዚንም ይበላል። ለፊቱ መስመር ቫልቭ የሌለው ይሁን። በፔዳሉ ዘንግና በማስተሩ ፒስቶን መካከልም 1 ሚሊሜትር ያህል ክፍተት ተው። ክፍተት ከሌለ ፈሳሹ ሲሞቅ የሚመለስበት ቀዳዳ ይዘጋና ፍሬኑ በራሱ ይይዛል፤ ቆሞ ሲቀዘቅዝ ይለቃል። ያን ጊዜ መካኒኩም «ምንም የለበትም» ይልሃል።

የፍሬን ዘይቱ ዶት 4። አዲስ ሲሆን የሚፈላው ቢያንስ በ230 ዲግሪ ነው፤ ውሃ ከጠጣ በኋላ ግን እስከ 155 ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ በየሁለት ዓመቱ ለውጠው። አየር ስታስወጣ የኋላ ቀኝ፣ የኋላ ግራ፣ የፊት ቀኝ፣ የፊት ግራ። የኋላውን ታምቡሮ ደግሞ ጥርሱን እያዞርክ ሸራው እስኪይዝ አጥብቀው፣ ከዚያ 3 ወይም 4 ጥርስ መልሰው።

ዲስኩ ከአቅም በላይ ከሆነ ማስተሩን ብቻ ባለ ሁለት መስመር አድርገህ አራቱንም ጎማ ቱቦ፣ ሲሊንደርና ሸራ አዲስ አድርግ። እሱ ብቻውን የሥራው ግማሽ ነው። ቁልቁለቱን በሁለተኛ ማርሽ ጀምር፤ መሀል ላይ ማርሽ ለመቀነስ መታገል አይኖርብህም።

ዝቅ ማድረጉን እኔ አልመክርም። የኋላው ስዊንግ አክስል ነው (ጎማው ከግማሽ አክስሉ ጋር አብሮ ወደ ላይና ወደ ታች የሚወዛወዝ)። ፊቱ ዝቅ ብሎ ኋላው ከፍ ካለ፣ ኩርባ ላይ ድንገት ነዳጅ ስትለቅ የኋላ ጎማዎቹ ወደ ውስጥ ይታጠፋሉ፣ መኪናውም ኋላው ይወጣል።


ባለቶርኖው_ባህርዳር

በፍሬኑ እስማማለሁ። እኔ ሞተሩን ልውሰድ።

የ6 ቮልቱ ፍላይዊል 109 ጥርስ ነው፣ ፍሪሲዮኑ 180 ሚሊሜትር። የ12 ቮልቱ 130 ጥርስ ነው፣ ፍሪሲዮኑ 200 ሚሊሜትር። 1600ው ከነፍላይዊሉ ከመጣ በድሮው ካምቢዮ ደወል (ፍላይዊሉን በሚሸፍነው ቤት) ውስጥ ይነካል። መፍትሔው የደወሉን የውስጥ ግድግዳ በሚነካበት ቦታ ብቻ መፋቅ ነው። ፍላይዊሉን በኖራ ቀብተህ ግጠምና በእጅ አዙረው፣ የተላጠበት ቦታ የሚፋቀውን ያሳይሃል። የአሉሚኒየም ፍቅፋቂ ወደ ካምቢዮ ዘይት እንዳይገባ ፓራኦሊዮውን (የዘይት ማገጃ ጎማውን) በጨርቅ ሸፍን። የሞተር ማስነሻውም የ12 ቮልቱ መሆን አለበት። ዘንጉ ቀጭን ስለሆነ ደወሉ ውስጥ ያለችውን ቡሽ ለውጣት፣ አለበለዚያ ማስነሻው ይወዛወዛል፣ ጥርሱንም ይበላል።

የመጣውን ሞተር ከመግጠምህ በፊት ፑሊውን ይዘህ ወደፊት ወደኋላ ግፋው። የክራንክሻፍቱ ጨዋታ ከ0.07 እስከ 0.13 ሚሊሜትር መሆን አለበት፤ ከ0.15 ካለፈ አልቋል። የሚስተካከለው በሦስት ሺም ነው፣ ሁልጊዜ ሦስት፣ ውፍረታቸውን እየመረጥክ። በእጅህ ጨዋታው ከተሰማህና «ቋ» ካለ ግን ሺም አይረዳም፣ ብሎኩ ራሱ ተበልቷል ማለት ነው። ያን ሞተር አትግዛ። የፍላይዊሉ ትልቁ ዳዶ የሚጠብቀው በ350 ኒውተን ሜትር አካባቢ ነው፤ በመዶሻና በቁልፍ አይሆንም፣ ረጅም ቧንቧና ቶርክ ቁልፍ ፈልግ።

ካምቢዮውን አትንካው። 4.375ቱ ዲፈረንሻል ለጎጃም ዳገት ደግ ነው። በ165 ባለ 15 ጎማ በአራተኛ 80 ስትሄድ ሞተሩ 2,600 ዙር አካባቢ ነው፣ በ100 ደግሞ 3,250። ለቮልስ ይህ ምቹ ዙር ነው።

ስለ ውሃ ሞተር። ከሚመጡት ሁሉ ወደ ቮልስ የሚቀርበው የሱባሩ ቦክሰር ነው፤ ተኝቶ የሚሠራ ስለሆነና የሚዞርበት አቅጣጫም ከቮልሱ ጋር ስለሚገጥም ካምቢዮውን መገልበጥ አያስፈልግም። ግን አስማሚ ሳህን በቶርኖ ይሠራል፣ ራዲያተር ፊት ይገባል፣ የውሃ ቱቦ በሆዱ ስር ይሄዳል፣ የሽቦው ማሰሪያ በሙሉ ከለጋሹ መኪና መምጣት አለበት። በ34 ፈረስ ጉልበት የተሠራ ካምቢዮ 130 ሲጫንበት ደግሞ የትኛው መጀመሪያ እንደሚሰበር መገመት አያስቸግርም። ለአንተ ዓላማ አያዋጣም፤ መልኩም ይጠፋል፣ የኋላ ክዳኑን የሚከፍት ሰው መጀመሪያ የሚያየው ያንኑ ነው።

009ኙን ተው። ቫኪዩም (በሞተሩ ስበት እሳቱን የሚያስቀድመው ክፍል) የለውም። ከ34 ካርቡራተር ጋር ሲሆን ነዳጅ ስትረግጥ መጀመሪያ ላይ ያንቃል፣ ማርሽ በለወጥክ ቁጥር ትሰማዋለህ። ባለ ቫኪዩሙን ዲስትሪቢዩተር ያዝና ሞጁሉን እሱ ውስጥ አስገባ። ክዳኑ ሲዘጋ ከድሮው አይለይም፣ የምትፈልገውም ይህንኑ ነው። የእሳቱን ሰዓት የቫኪዩሙን ቱቦ ነቅለህ ዘግተህ፣ በ3,000 ዙርና ከዚያ በላይ ላይ 30 ዲግሪ እንዲሆን አስተካክል። የሲሊንደሮቹ የማቀጣጠል ተራ 1-4-3-2።


ሽቦ_በሽቦ

12 ቮልቱ ከሚፈራው በላይ ቀላል ነው። ሽቦው ራሱ አይለወጥም። ለተመሳሳይ ዋት 12 ቮልት የሚስበው አምፔር ግማሽ ስለሆነ የ6 ቮልቱ ወፍራም ሽቦ ይተርፈዋል። እርግጥ መከላከያው የተሰነጠቀውን ሁሉ ጣል።

የሚለወጡት፦ ባትሪ፣ አምፖሎች በሙሉ የክሩስኮቷን (የዳሽቦርዷን) ትንንሾች ጨምሮ፣ ቦቢና (የእሳት መጠምጠሚያው)፣ የፍሬቻ ሪሌ፣ የዝናብ መጥረጊያ ሞተር፣ ክላክስ። የካርቡራተሩ ቾክና የነዳጅ ማቋረጫ ቫልቭ ከ1600ው ጋር ስለሚመጡ 12 ቮልት መሆናቸውን ላያቸው ላይ አንብብ። የነዳጅ መለኪያህ ግን በገመድ የሚሠራ እንጂ ኤሌክትሪክ የማይነካው ነው፤ አዲስ ግዛ ለሚልህ ሰው ገንዘብህን አትስጥ።

ዲናሞ ወይስ አልተርኔተር? የ6 ቮልቱ ዲናሞ ወገቡ 90 ሚሊሜትር ነው፣ የ12 ቮልቱ 105፤ ስለዚህ መቀመጫውና ማሰሪያ ቀበቶው አብረው ይቀየራሉ። ለመልክ ዲናሞው ያምራል። ማታ ግን በስራ ፈት ዙር ሲቆም መብራቱን አይሸከምም። አልተርኔተር አድርግ፣ ጥቁር ቀባው፣ በፋኑ ቤት (ፋኑን በሚሸፍነው ላሜራ) ጥላ ውስጥ ስለሆነ የሚያየው የለም። ሬጉሌተሩ ውስጡ ያለበትን ከያዝክ በኋላ ወንበር ስር ያለችውን የድሮ ሬጉሌተር ሳጥን ለመልክ ተዋት፣ ሽቦዎቿን ግን አገናኝተህ እለፋት።

የፊት መብራት ኤች 4 55/60 ዋት ካደረግክ በሪሌ ይሁን። የድሮው ማብሪያና ማጥፊያ ያን ጭነት ለዓመታት አይችልም፣ ውስጡ ይቀልጣል። ፊውዙ የሴራሚኩ ጥይት መሳይ ነው፤ የሚይዘው ምላስ ይዝጋል፣ ሙቀት ያመጣል፣ ፊውዙ ሳይቃጠል መብራት ይጠፋል። ምላሱን በብርጭቆ ወረቀት አጽዳና ጨመቅ አድርገው፣ ወይም አዲስ የቢላዋ ፊውዝ ሳጥን ከክሩስኮቱ ኋላ ደብቅ። ለኋላ መብራት ኤልኢዲ ከገባ ቀዩን ግዛ፤ ነጭ ኤልኢዲ ከቀይ መስታወት ኋላ ጽጌረዳማ ይሆናል። የፍሬቻ ሪሌውም የኤሌክትሮኒክ ይሁን፣ አለበለዚያ ቶሎ ቶሎ ይላል ወይም ጭራሽ አያበራም።

ሞጁሉን የሚገድሉት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንዱ ሞተሩ ጠፍቶ ቁልፉ ተከፍቶ መቆየት፤ ራዲዮ መስማት ለሚወድ ሰው ራዲዮውን ከቁልፉ ውጪ ስጠው። ሌላው የማይገጥም ቦቢና ነው፤ 3 ኦም ያህል የሆነውን ያዝ። ሞጁሉ የተካቸውን አሮጌ ፑንቲናና ኮንደንሰር ከካቻቢቴ ጋር ጓንት ቤት ውስጥ አስቀምጥ፤ ሞጁል ሲሞት አይነግርህም፣ ድንገት ነው የሚሞተው፤ ፑንቲና ግን እየደከመ ያስጠነቅቃል። ክፍተቷ 0.4 ሚሊሜትር።

ባትሪው ከኋላ ወንበር ስር ነው። የወንበሩ ሞላ ከባትሪው ራስ ጋር እንዳይገናኝ ክዳን የግድ ነው። ከባድ ሰው ሲቀመጥ ሞላው ወርዶ ይነካል፣ ወንበሩ ውስጥ ያለው ሣርና ጨርቅ ይያያዛል።


ማርቆስ_1200

እግዜር ይስጥልኝ። ፍሬኑን አንደኛ አድርጌዋለሁ፣ ዝቅ ማድረጉም ቀርቷል።

ሁለት ነገር ቀረኝ። የ1600ው ሞተር ያለ ፋን ቤት ነው የሚመጣው፤ የ1200ውን ፋን ቤት ብገጥምበትስ? የማሞቂያ ሳጥኖቹ በስብሰዋል፣ በቀጥታ ቱቦ ልተካቸው አስቤያለሁ። የጂግለሩንም ቁጥር የነገረኝ የለም።


ባለቶርኖው_ባህርዳር

የፋን ቤቱን አታድርግ። በድሮው ቤት የዘይት ማቀዝቀዣው ውስጡ ቆሞ የሦስተኛውን ሲሊንደር አየር ይዘጋል፤ ሦስተኛው ሁልጊዜ ከሌሎቹ ይልቅ የሚግለው ለዚህ ነው፣ ጭስ ማውጫ ባልቦላውም ተቆርጦ የሚወድቀው እዚያው ነው። ከ1971 ሞዴል ወዲህ ማቀዝቀዣው ወደ ኋላ ወጥቶ የራሱ ቤት ተሠራለት፣ ፋኑም ሰፋ። ዶግሀውስ የሚሉት እሱ ነው። ሻጩ ፋን ቤቱን ለብቻ ካስቀረ ተመለስና ጠይቀው፣ ማቀዝቀዣውን፣ መቆሚያውንና ሰፊውን ፋን አብረህ ውሰድ። አንዱን ለብቻ ይዞ መምጣት ከንቱ ነው።

ማሞቂያ ሳጥኑን ካወጣህ በፋን ቤቱ ግራና ቀኝ ያሉት የአየር መውጫዎች ክፍት ይቀራሉ። መድፈን አለብህ፣ አለበለዚያ ለሲሊንደሮቹ የታሰበው አየር በዚያ ይወጣል። ቀጥሎ በሞተሩ ዙሪያ ያለው ላሜራ። አንድም አይጉደል። ላሜራውና አካሉ የሚገናኙበት ጎማ ዙሪያውን መሙላት አለበት፣ የካንዴላ ኮፍያዎቹም ጎማ እንዲሁ። ከላይ ቀዝቃዛ አየር ገብቶ ከታች ትኩስ ይወጣል፤ ጎማው ከጎደለ ያ ትኩስ አየር ተመልሶ ወደ ፋኑ ይገባል። በቮልስ ላይ «ሞተሩ ይግላል» ከሚባለው አብዛኛው ይኸው ነው፣ ሰው ግን ዘይት ይለውጣል፣ ካርቡራተር ይፈታል።

የፋኑ ቺንጋ በአውራ ጣት ሲጫኑት 15 ሚሊሜትር ያህል ይግባ። ማጥበቂያው በፑሊው ሁለት ግማሽ መካከል ያሉት ሮንዴላዎች ናቸው፤ ከመካከል ካወጣህ ይጠብቃል፣ የወጡትን ከውጭ በኩል አድርገህ እሰር እንጂ አትጣላቸው። ቺንጋ ከተበጠሰ ፋን የለም፣ ቀዩ መብራት ከበራ በዚያችው ቅጽበት ሞተር ይጥፋ። ትርፍ ቺንጋና 21 ቁልፍ መኪናው ውስጥ ይኑር።

ረጂስትሮው (የባልቦላዎቹ ክፍተት) 0.15 ሚሊሜትር ነው፣ ሞተሩ ፍጹም ቀዝቅዞ፣ ለስምንቱም። በየ5,000 ኪሎሜትር ከዘይቱ ጋር አብረህ እይ። ዘይቱ 2.5 ሊትር ብቻ ነው፣ ፊልትሮ የለውም፣ ያለው የሽቦ ወንፊት ነው። ቶርኖ ቤት ከሄድክ አይቀር ብሎኩን አስበስተህ የውጭ ፊልትሮ አስገባ። ከማይታዩት አዲስ ዕቃዎች ሁሉ ለሞተሩ ዕድሜ የሚጠቅመው እሱ ነው።

አሁን ጂግለር። 34ቱ ከፋብሪካ ብዙ ጊዜ በ127.5 ወይም 130 ይመጣል፤ ቁጥሩ የቀዳዳው ስፋት በሚሊሜትር መቶኛ ነው። ማርቆስ 2,400 ሜትር ግድም ነው፣ እዚያ የአየሩ ክብደት ከባህር ወለሉ 79 በመቶ ያህል ነው። ጂግለሩ ካልተለወጠ የአየርና የቤንዚን ድብልቁ 12 በመቶ ገደማ ይወፍራል (ቤንዚን ይበዛበታል)፤ ጥቁር ጭስ፣ ጥቁር ካንዴላ፣ የሚጠማ ሞተር። በስሌቱ ከ127.5 ወደ 120 መውረድ አለበት። 50ው ፈረስ ጉልበትም እዚያ ከ40 በታች መሆኑን እወቅ፣ ጂግለር አይመልሰውም።


ቁልቁለት_ደጀን

120ው ለማርቆስ ልክ ነው፣ ለበረሃው ግን አይደለም። ድልድዩ ጋ ከፍታው 1,000 ሜትር ግድም ነው፣ አየሩ ወፍራም ነው፣ እዚያ የሚፈለገው ወደ 125 ይጠጋል። በ120 ከሆነ ድብልቁ 7 በመቶ ያህል ቀጥኖ ነው ያን ዳገት በሙሉ ጋዝ የምትወጣው፣ ያውም በሙቀት። ቀጭን ድብልቅ ይግላል፣ የሚጎዳውም ያው ሦስተኛው ሲሊንደር ነው። 122.5 አድርግ። ማርቆስ ላይ ትንሽ ይወፍራል፣ በረሃው ላይ ትንሽ ይቀጥናል፣ ሁለቱንም ሞተሩ ይችለዋል። ለባህር ዳር 1,800 ሜትርም ያው ይስማማል።


ባለቶርኖው_ባህርዳር

በ122.5 እስማማለሁ፣ በረሃውን ስለሚያዘወትር። ከማርቆስ ለማይወጣ ሰው ግን 120። ካንዴላውን ከዳገት በኋላ አውልቀህ እይ፦ ቡናማ ደግ ነው፣ ጥቁር ዱቄት ወፍራም ነው፣ ነጭ ከሆነ ወዲያው ጂግለሩን ከፍ ወዳለ ቁጥር ለውጠው።


ላሜራ_ፍኖተሰላም

ስለ አካሉ ማንም አላነሳምና በአጭሩ። ከመቀባትህ በፊት የባትሪውን ስር፣ የወለሉን ዙሪያና በበሮቹ ስር የሚሄደውን የማሞቂያ ቦይ በካቻቢቴ ውጋ። የጎጃም ክረምት ጭቃውን እዚያ ነው የሚያከማቸው። ቦዩ ከበሰበሰ የሚቆረጠው በሮቹ ተገጥመው፣ በበሩ ክፍት ቦታ ውስጥ ደግሞ አግድም ብረት ተበይዶ ነው። ሳይደገፍ ከተቆረጠ አካሉ ይጣመማል፣ በሩም ዳግመኛ በደህና አይዘጋም። ብየዳው ሲኦቱ (በካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ የሚበየደው) ይሁን፣ በነጥብ በነጥብ፣ ቦታ እየቀያየርክ። በስቱኮ የተሞላ ቦይ በዓመቱ ከውስጥ ይወጣል።

የቤንዚን ጎማዎቹን በሙሉ አዲስ አድርግ፣ በፋሸታ እሰራቸው። ፊልትሮውን ከዲስትሪቢዩተሩ በላይ አታንጠልጥል፣ ከካምቢዮው አጠገብ ከታች አድርገው። የካርቡራተሩ ቤንዚን መግቢያ የናስ ቱቦ ደግሞ በጊዜ ብዛት ይላላል፤ በእጅህ ይዘህ ጠምዝዘው፣ ከተንቀሳቀሰ አውጥተህ በደንብ ሳትተክለው ሞተሩን አታስነሳ። ቮልስ የሚቃጠለው በዚያ ነው።


ሽቦ_በሽቦ

የሞተሩ ቁጥር ሊብሬው ላይ ካለው ጋር አይገጥምም። ሞተሩን ስትገዛ የሽያጭ ውልና ሞተሩ ከየት እንደወጣ የሚያሳይ ሰነድ ያዝ፣ ቁጥሩን ከመግጠምህ በፊት ፎቶ አንሳው (ከዲናሞው መቆሚያ ስር ነው ያለው፣ ከተገጠመ በኋላ ለማንበብ ያስቸግራል)፣ ለቦሎ ከመቅረብህ በፊትም ትራንስፖርት ቢሮ ሄደህ ቅያሪውን አስመዝግብ።